የታሰረበት ሰዓት

ቱርኒኬት ከቁስል በላይ በክንድ ወይም በእግር ዙሪያ ታስሮ ደም ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያደርግ ጠፍር ነው። የሚያስፈልገው ደሙ እየፈነጠቀ ሲወጣ፣ በእጅ ተጭነውት አልቆም ሲል፣ ወይም እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ነው። አዋቂ ሰው በሰውነቱ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ የጭኑ ትልቅ ደም ቅዳ የተበጠሰበት ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ የቀለለ መድማት አብዛኛውን ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በመጫን ይቆማል። ብብትና ብሽሽት ላይ ጠፍር የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ ጨርቁን ወደ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቆ ሳያቋርጡ መጫን ነው። በእባብ ለተነደፈ ሰው ደግሞ ቱርኒኬት አይታሰርም፤ ይህ ልማድ ገጠር ውስጥ ዛሬም ጉዳት ያደርሳል።

ብዙ ስህተት የሚታየው አላልቶ በማሰር ነው። ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የምትታሰረው ቀጭን ላስቲክ፣ ወይም እሷ በሌለችበት ነርሶች የሚጠቀሙበት ጓንት፣ የሚዘጋው ከቆዳ ሥር ያለውን ደም መልስ ብቻ ነው። ደም ቅዳው ጠለቅ ብሎ የሚያልፍ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። በግማሽ የታሰረ እግር ደም ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፤ እግሩ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቁስሉም ከበፊቱ ይልቅ ይደማል። እንዲህ ከታሰረ ባይታሰር ይሻላል። በትክክል የታሰረ ቱርኒኬት ምልክቱ ሁለት ነው፦ መድማቱ ይቆማል፣ በእጅ አንጓ ወይም በእግር ጀርባ ላይ የሚዳሰሰው የደም ሥር ምትም ይጠፋል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቱርኒኬት ሰፊ ጠፍርና ማጠንከሪያ ዘንግ አለው። እሱ ከሌለ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው የታጠፈ ነጠላ ወይም ሻሽ ይበቃል። ጨርቁ ሁለት ዙር ይጠመጠምና ይቋጠራል፤ በቋጠሮው ላይ ጠንካራ ዱላ ተደርጎ እንደገና ይታሰራል፤ ከዚያ መድማቱ እስኪቆም ዱላው ይሽከረከርና እንዳይፈታ ጫፉ ይታሰራል። ያለ ዱላ በእጅ ጉልበት ብቻ በጨርቅ ደም ቅዳን መዝጋት አስቸጋሪ ነው። ሽቦ፣ ሲባጎና የኤሌክትሪክ ገመድ ቆዳና ነርቭ ይጎዳሉ። ቀበቶ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ነገር ቢሆንም ሲያጠነክሩት አይሽከረከርም።

ቦታው ከቁስሉ በላይ ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም። ጨለማ ከሆነ ወይም ቁስሉ የት እንዳለ ካልታየ፣ ኪሱን ባዶ አድርጎ ልብሱ ላይ ከጭን ወይም ከክንድ የላይኛ ጫፍ ማሰር ይቻላል። አንዱ ካላቆመው ሁለተኛው ከጎኑ ወደ ላይ ይጨመራል።

በደንብ የታሰረ ቱርኒኬት በጣም ያማል። ቁስለኛው «ፍቱልኝ» ይላል፣ ቤተሰብም አዝኖ ያላላዋል። በየሩብ ሰዓቱ እያላሉ ማሰር የሚለው የቀድሞ ትምህርትም ከብዙ ሰው አእምሮ አልወጣም። በተላላ ቁጥር ግን ደም ይፈሳል፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ሰው ይገድላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ባግዳድ በሚገኝ የአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታል ቱርኒኬት የታሰረላቸው 232 ቁስለኞች ተጠንተው ነበር። ሰውነታቸው በደም እጦት ከመዛሉ በፊት ከታሰረላቸው 90 በመቶው ተረፉ፤ ከዛለ በኋላ ከታሰረላቸው 10 በመቶው ብቻ። በቱርኒኬቱ ምክንያት ብቻ የተቆረጠ እጅም እግርም አልነበረም። ይህ ውጤት ቱርኒኬትን ከፍርሃት አውጥቶታል፤ ይሁን እንጂ እነዚያ ቁስለኞች ሆስፒታል የደረሱት ባጭር ጊዜ ነው። መንገዱ በሚረዝምበት በዩክሬን ጦርነት ለሰዓታት ሳይፈታ የቆየ ቱርኒኬት እጅና እግር አስቆርጧል፣ ኩላሊትም ጎድቷል።

የትግራይ ሁኔታ ለዩክሬኑ ይቀርባል። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ ከአየር ሲደበደብ፣ ከመቀሌ የተነሱ አምቡላንሶች በወታደሮች እንደተመለሱ የጤና ባለሙያዎች በወቅቱ ገልጸዋል፤ መቀሌ ካለው ዓይደር ሆስፒታል ከደረሱት ብዙዎቹ የደረሱት ከአንድ ቀን በላይ ቆይተው ነው። በሰላሙ ጊዜም ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ከሩቅ ወረዳ እረኛ ሲያቆስል ጉዞው የሰዓታት ነው። እዚህ አገር ማሰርን ብቻ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ሰዓት መቁጠር ነው።

እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ እጅ ወይም እግር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ጡንቻና ነርቭ መጎዳት ይጀምራሉ። ስድስት ሰዓት ካለፈ ማትረፉ አጠራጣሪ ነው፤ መፍታቱም በሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነገር ይሆናል፤ ከሞተው ጡንቻ የሚለቀቀው ፖታሲየም ልብን ሊያቆም፣ ማዮግሎቢን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲንም ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። በትግራይ ጦርነት ዘመን ዓይደር የኩላሊት እጥበት ዕቃ አልቆበት እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም።

ስለዚህ መንገድ ላይ ያለ የጤና ተቋም ሥራ አለበት። ለምሳሌ ከሰሜን ወደ መቀሌ የሚመጣ ቁስለኛ ውቅሮን ያልፋል። እዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ቁስለኛው ካልዛለ፣ እጁ ወይም እግሩ ካልተቆረጠና ሁለት ሰዓት ካልሞላ፣ ቁስሉን በጎዝ ጨርቅ ጠቅጥቆ አጥብቆ ያሽገዋል፤ ቱርኒኬቱንም ቀስ ብሎ ያላላና ከቦታው ሳያወጣ ይተወዋል። ደሙ ከተመለሰ እንደገና ያጠነክረዋል። ይህን ያላጠና ሰው ግን አይሞክረው፤ እንደታሰረ ያድርሰው።

ሰዓቱ የሚጻፈው በቱርኒኬቱ ወይም በቁስለኛው ግንባር ላይ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ያሳስታል። «3፡20» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ጻፊው በሐበሻ ጠዋት ማለቱ ይሆናል፣ ተቀባዩ ሐኪም በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ፤ እግር የሚተርፍበትና የማይተርፍበት ልዩነት ነው። «ጠዋት 3፡20 በኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስቸግርም።

በመቀሌ የግንባታ ቦታ ያላቸው፣ ወፍጮ ቤት የሚያንቀሳቅሱ፣ ባጃጅና አውቶቡስ የሚነዱ ሰፊ ጠፍር፣ ጠንካራ ዱላና የማይለቅ እስክሪብቶ በአንድ ከረጢት ይያዙ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ቁስለኛ ይዞ ድንገተኛ ክፍል የሚገባም ከስምና ከዕድሜ በፊት የታሰረበትን ሰዓት ይናገር።