የቤት አሠራር ጥበብና ልጆቻችን

ቤት መሥራት የግንበኛና የአናጢ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሚኖርበት ቤት ለምን እንዲያ እንደ ተሠራ የማያውቅ ሰው፥ ሌላ ቤት ሲያሠራ የቀድሞውን ጥፋት መድገሙ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ለልጆች በጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ለዚህ አብነት የሚሆነን በካርቱም ከተማ ያለው ሳጃና ነው። ስሙ በዐረብኛ የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ሲሆን፥ ሠፈሩ የቤት መሥሪያ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ የታወቀ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት በካርቱም ብዙ ቤት አፈረሰ፤ ብዙ ቤተ ሰብም አሰደደ። ወደ ቀየው የሚመለስ ሰው ጡብና ቆርቆሮ ይፈልጋል፤ ከጡቡ አስቀድሞ ግን ማስተዋል ያሻዋል።

የካርቱም የቀድሞ ሰዎች ቤታቸውን «ጃሉስ» በሚሉት፥ ጭቃው እየተደራረበ በሚቆም ወፍራም ግድግዳ ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። «ሆሽ» በሚባለው ግቢም ቤተ ሰቡ በበጋ ሌሊት አልጋውን አውጥቶ ነፋስ እየተቀበለ ይተኛል። በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚሠራው ሕድሞም፥ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣራው ሙቀትንና ብርድን ይከላከላል። አገሩ ቢለያይም ብልሃቱ ተቀራራቢ ነው።

ይሁን እንጂ የጭቃ ጠላቱ ውሃ ነው። በ1980 ዓ.ም. ክረምት በካርቱም የወረደው ኀይለኛ ዝናብ ብዙ የጭቃ ቤቶችን አፍርሷል። እንግዲህ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ማለት፥ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ማለት፥ ቦዩም መጠረግ እንዳለበት ልጁ ምክንያቱን ጭምር ይወቅ።

ትምህርቱ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። አስተማሪው ተማሪዎቹን ይዞ በሠፈሩ ይዙር። በቀትር በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ፀሐይ የምትገባበትን መስኮት ይመዝግቡ፤ ሸምገል ካለ ግንበኛ ጠይቀው የሰሙትን ይጻፉ። ከዚያም ክፍላቸውን ለክተው በወረቀት ይንደፉ፤ አያታቸው ሳትደናቀፍ የምትገባበትን ደጃፍም ያስቡ።

በአዲስ አበባ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ፥ ትምህርትን ከሕንፃ ዕቃ ምርመራ ጋር አያይዞ ነበር። ኮሌጅ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው፤ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሁሉ ነው። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን፥ ልጆቻችን ነገ የሚያቆሙት ግድግዳ እንዳይፈርስባቸው፥ ዛሬ የቆመውን እንዲመረምሩ እናስተምራቸው።