የጤና ትምህርት ልምምድ በክረምት ወራት

በሽታን ለመከላከል ሐኪምና መድኃኒት ብቻ አይበቁም። ሕዝቡ በሽታው ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ማወቅ፣ ያወቀውንም በሥራ ላይ ማዋል አለበት። ይህን ዕውቀት ለሕዝብ የማድረስ ተግባር የጤና ትምህርት ይባላል። እንደ ማንኛውም ሙያ ሁሉ ይህም በልምምድ የሚዳብር ነው።

በአገራችን ልምምዱ የቆየ ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመድበው ቤት ለቤት ያስተምራሉ።

አንዲት የጤና ተማሪ በክረምት ከእነዚህ ሠራተኞች ጋር ለልምምድ ተሰማርታለች እንበል። በክረምት ጎርፍ ቆሻሻን እያጠበ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ስለሚያስገባ የተቅማጥ በሽታ ይበዛል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ለሞት ከሚያደርሱት ምክንያቶች ዋነኛው የሰውነቱ ውሃና ጨው ማለቅ ነው። ይህንን የሚተካው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ይባላል። አዘገጃጀቱ ቀላል ይመስላል፤ ለአንድ ሊትር የተመጠነውን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው። ዳሩ ግን ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛም የጎደለውን በሚገባ አይተካም።

እንግዲህ ተማሪዋ «በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ» ብላ ብቻ ብትሄድ አስተማረች ማለት አይቻልም። በቤቱ መለኪያ ከሌለ እናትየዋ በግምት ይበጠብጣሉ። ስለዚህ አስቀድማ «በቤትዎ ውሃ የሚለኩት በምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ከተገኘ፣ «በዚህ ሁለት ጊዜ ይለኩ» ትላለች። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ እንደሚደፋ፣ ሕፃኑም ጡት መጥባቱን ማቋረጥ እንደሌለበት ታስረዳቸዋለች። ሕፃኑ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ከቀላቀለ ግን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

በመጨረሻም «ገባዎት?» ብላ አትጠይቅም፤ ሰው ከይሉኝታ የተነሣ ብዙ ጊዜ «አዎን» ይላልና። ይልቁንም «እስቲ እርስዎ በጥብጠው ያሳዩኝ» ትላለች። ስሕተት ቢገኝ ጉድለቱ ከማብራሪያዋ መሆኑን ተገንዝባ እንደገና ታስረዳለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የጤና አስተማሪም ከመናገሩ በፊት የሰሚውን ኑሮ ከሥሩ ሊያውቅ ይገባዋል። ትክክለኛ ቃል በትክክል ካልተፈጸመ ሕይወትን አያድንምና።

ጥያቄዎች
1. የተቅማጥ በሽታ በክረምት የሚበዛው ለምንድን ነው?
2. ተማሪዋ «ገባዎት?» ብላ ያልጠየቀችው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ስለሚታይ አንድ የጤና ችግር ለጎረቤት የምታስረዱበትን አንድ አንቀጽ ጻፉ።