ፓርቲሽኑ «ሥራ ላይ ነኝ» ሲል

አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ባለሙያ «ቫር» የተባለውን የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) ከ100 ጊጋባይት ወደ 60 ዝቅ ማድረግ ፈልጓል እንበል። መጀመሪያ ፓርቲሽኑን ከሲስተሙ እንዲያላቅቅለት፣ ማለትም አንማውንት እንዲያደርግለት ያዛል። መልሱ አጭር ነው፦ ፓርቲሽኑ ሥራ ላይ ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በየፓርቲሽኑ ላይ ማን ምን ፋይል እንደከፈተ እየመዘገበ ይከታተላል። «ቫር» ደግሞ የሎግ፣ የዳታቤዝና የኢሜይል ወረፋ ማደሪያ ስለሆነ አፍታም አያርፍም። አንድ የተርሚናል መስኮት ምንም ሳይሠራ እዚያ ፎልደር ውስጥ መቆሙ ብቻ እንኳ ለእምቢታው ይበቃል። የተሰረዘ ፋይልም ቢሆን የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ከዲስኩ ላይ ቦታውን አይለቅም።

ለማሳነስ ማላቀቅ ግድ የሆነው በፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም በፓርቲሽኑ ላይ ፋይሎችን በሚያደራጀው ሥርዓት፣ ምክንያት ነው። ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2008 ከሊኑክስ 2.6.28 ጋር ለመደበኛ አገልግሎት በቅቷል። ይህ ፋይል ሲስተም ሥራ ላይ እያለ ማደግ ይችላል። ማነስ ግን አይችልም። ለምን? ከ60 ጊጋባይት ወዲያ ያለው መረጃ ሁሉ ወደ ፊት መጋዝ፣ የእያንዳንዱ ፋይል አድራሻም እንደገና መጻፍ አለበት። ይህ እየተካሄደ ከርነሉ በራም የያዘውን የድሮ አድራሻ ተከትሎ ቢጽፍ የአንዱ ፋይል መረጃ በሌላው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ መፍትሔው ማስገደድ ሳይሆን ፓርቲሽኑን ማን እንደያዘው መጠየቅ ነው። ፊዩዘርና ኤልሶፍ የተባሉት ትእዛዞች ፓርቲሽኑን የያዙትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ያሳያሉ፤ እነሱን ማቆም ይቻላል። ብዙ ከሆኑ ደግሞ ማሽኑን ጥቂት አገልግሎቶች ብቻ በሚነሱበት የጥገና ሁኔታ ማስነሳት ይሻላል። ሲስተሙ ራሱ የቆመበት ዋናው ፓርቲሽን ከሆነ ግን ጂፓርትድ ላይቭን የመሰለ ሲስተም ከተጫነበት ፍላሽ መነሳት ግድ ነው። «ሰነፍ» የሚባለው የማላቀቂያ አማራጭ በጣም አደገኛ ነው፦ ፓርቲሽኑን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ፋይል የከፈቱት ፕሮግራሞች ከበስተጀርባ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ።

ከተላቀቀ በኋላ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ይፈተሻል፤ ከዚያ ፋይል ሲስተሙ ያንሳል፤ ፓርቲሽኑ የሚያንሰው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የፋይል ሲስተሙ ጭራ ይቆረጣል። ማሳደግ ሲፈለግ ደግሞ ፓርቲሽኑ ይቀድማል። በሁለቱም ጊዜ ግን ባክአፕ ሳይያዝ ምንም መነካት የለበትም።

ኤክስኤፍኤስ ጠባዩ ሌላ ነው። ሲሊከን ግራፊክስ የሠራው ይህ ፋይል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ሌላ ካልተመረጠ በቀር የሚተክለው ነው። የሚያድገው ሥራ ላይ እያለ ነው፤ ለማሳነስ ግን በተግባር ያለው መንገድ መረጃውን ሌላ ቦታ ገልብጦ እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግ ነው። እሱን የመረጠ ሰው ፓርቲሽኑን መጀመሪያ ጠበብ አድርጎ ይትከል፤ የተረፈውን ቦታ ሳይመድብ ያቆየውና ሲያስፈልግ ይጨምርበት።