እጅ የማይገባበት ጆንያ፦ አነስተኛ የኦንላይን ሶፍትዌር ንግድ ሲገዛና ሲሸጥ

ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ቀይ ዛላ አይቶ ብቻ ብሩን አይቆጥርም። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከሥር ያለውን ያወጣል። ውሃ የተርከፈከፈበት በርበሬ ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ቤት ሲገባ ግን ይሻግታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን መጠየቃቸውንና ማጭበርበርን አጥብቀው ማውገዛቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

ዛሬ ደግሞ እጅ የማይገባበት ሸቀጥ አለ። የመድኃኒት ቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ የቴሌግራም ቦት ወይም የሞባይል አፕ ደንበኛ ካፈራ በኋላ እንደ ሱቅ ከነደንበኛው ይሸጣል። በውጭው ዓለም ለዚሁ የቆሙ ገበያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ፍሊፓ አንዱ ነው። ሽያጩ በትውውቅና በስልክ ሲያልቅ ግን የማጣራቱ ሥራ በሙሉ በገዢው ላይ ይወድቃል።

ዋጋው እንዴት ይሰላል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከ2004 ዓ.ል. ጀምሮ በሚያስተምረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ለመድኃኒት ቤቶች ሶፍትዌር ሠርቷል እንበል። 20 መድኃኒት ቤቶች በወር 500 ብር ይከፍሉታል። ከሚገባው 10,000 ብር ላይ 2,000 ብር ለሰርቨር ይወጣል፤ 8,000 ይተርፈዋል፤ በዓመት 96,000 ብር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ንግዶች ብዙ ጊዜ በዓመታዊ ትርፋቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሸጡ 200,000 ብር ይጠይቃል። እቁብ የደረሰው የቡታጅራ ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ መጥቷል።

ስሌቱ ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ የወጣቱ ጉልበት። ስልክ የሚያነሳው፣ የተበላሸውን የሚጠግነው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው እርሱ ነው። ገዢው ለዚህ ሥራ በወር 4,000 ብር የሚከፈለው ሰው ቢቀጥር ዓመታዊ ትርፉ ወደ 48,000 ብር ይወርዳል፤ በዚያው ስሌት ተገቢው ዋጋም በግማሽ ይቀንሳል።

ከሥር ያለውን መዳሰስ

በመጀመሪያ፣ በስልክ ስክሪን የተነሳ ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ሻጩ የ12 ወር የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴውን ገዢው ፊት ከፍቶ ያሳይ።

ሁለተኛ፣ ደንበኞቹ እነማን ናቸው? ከ20ዎቹ መድኃኒት ቤቶች 8ቱ የሻጩ ዘመዶች ከሆኑ የሚከፍሉት ለሶፍትዌሩ ሳይሆን ለዝምድናው ሊሆን ይችላል። በሻጩ ፈቃድ ለአምስት ያህሉ ደውሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ሦስተኛ፣ ገቢው ከየት ይመጣል? ብዙ ተከታይ ያለው ቦት ገንዘብ የሚያገኘው ከስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ወይም ከተሰረቀ ፊልም ከሆነ፣ ለሙስሊም ገዢ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አያዋጣውም።

ቁልፉ በማን ስም ነው?

የይለፍ ቃል መቀበል ባለቤት መሆን አይደለም። ሻጩ በራሱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ነገ መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ መንገድ በገዢው ስም መዞር አለበት።

የቴሌግራም ቻናልና ቦት ባለቤትነትን ማስተላለፍ ይቻላል። ቴሌግራም ግን የሻጩ አካውንት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከበራለት ቢያንስ 7 ቀን፣ ስልኩ ላይ ከተከፈተ ደግሞ 24 ሰዓት እንዲሞላው ይጠይቃል። ስለዚህ ርክክቡ የክፍያው ዕለት እንዲያልቅ ቅንብሩ ከሳምንት በፊት ይዘጋጅ። ቦት ከሆነ ገዢው እንደተረከበ የድሮውን ቶክን ይሰርዝ፤ አለዚያ በሻጩ እጅ የቀረው ቶክን ቦቱን ማዘዙን ይቀጥላል። በጉግል ፕሌይ ያለ አፕ ከነተጠቃሚዎቹና ከነአስተያየቶቹ ወደ ገዢው የአበልጻጊ አካውንት ይዛወራል። የድረ ገጹ ስም በገዢው ኢሜይል ይመዝገብ። ቴሌብርና ሌሎች የክፍያ አካውንቶች ግን ከባለቤቱ ማንነትና ንግድ ፈቃድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ገዢው የራሱን አውጥቶ ደንበኞቹን ወደዚያ ያሻግር።

በቃል የሚያልቅ አይደለም

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚጠብቅ ሲሆን፣ መብቱ ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ፕሮግራሙን ከሻጩ ጋር አብሮ የጻፈ ጓደኛ ካለ እርሱም ይፈርም። የደንበኞች ስምና ስልክም እንደ ዕቃ የሚነገድበት አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶለታል። ስለዚህ ደንበኞቹ ዝውውሩን አስቀድመው ይወቁ።

ክፍያው በየወሩ የሚከፋፈል ከሆነ ጠቅላላ ዋጋውና ቀኖቹ ውሉ ሲታሰር ይቆረጡ። ስለዘገየ የሚጨመር ገንዘብ ሪባ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ከመፈረም በፊት የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ይገባል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያህ የጊዜ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት መታዘዙንም እናስታውስ። ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ገንዘቡን በአማና ይዞ፣ ሁሉም ነገር በገዢው ስም መዞሩ ሲረጋገጥ ለሻጩ ቢሰጥ የሁለቱም ሐቅ ይጠበቃል።

ለሻጩ ወንድምና እህት

ጉድለትን መናገር ዋጋ የሚያስቀንስ ይመስላል። ሰርቨሩ በሳምንት አንዴ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሦስት ደንበኞች ሊወጡ ካሰቡ፣ ከኢንተርኔት የተቀዳ ኮድ ካለበት፣ ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ከዋጋ ድርድሩ በፊት ማቅረብ ይገባል። እውነት ተናግረውና ግልጽ አድርገው የተገበያዩ ሰዎች ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ደብቀውና ዋሽተው ከሆነም በረካው እንደሚነሳ በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሥ ተዘግቧል። የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ደግሞ ነገም እዚያው ገበያ ይገናኛል። የዛሬው ገዢ ነገ ሌላ ገዢ ይዞ የሚመጣው ከጆንያው ሥር ያገኘው በርበሬ ከላይ እንዳየው ከሆነ ነው።