የሠርጉ ድምፅና የጎረቤት እንቅልፍ

ሠርግ ሊደግሱ ነው እንበል። ወሩ ጥር ነው። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ተሸጧል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ዳሱ ተጥሏል፤ ጠላው ደርሷል። ልጅዎም በበኩሉ ከገንዳ ውሃ ወይም ከጎንደር አንድ ዲጄ ከነሞንታርቦው ተዋውሎ አምጥቷል። ቀኑን ሙሉ ሁሉም መልካም ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አንድ ሰው በዳሱ በር ገብቶ ድምፁ እንዲቀነስ ይጠይቃል። ይህ ሰው የቀበሌው ተረኛ ሊሆን ይችላል፤ የፀጥታ አስከባሪ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ያቀፈች ጎረቤትዎም ልትሆን ትችላለች። ዲጄው ወደ እርስዎ ያያል፤ የሙሽራው አጎት «ከፍ አድርገው!» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ይህን ጥያቄ ለዲጄው ወይም ለፖሊሱ የምንተወው ብዙዎች ነን። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የቤት እመቤቲቱ ነው። በነጋታው ከዚያችው ጎረቤት ጋር እሳት የምትጫጫረው፣ በእድር አብራ የምትቀመጠው፣ የተዋሰችውን ድስትና ሰፌድ የምትመልሰው እሷ ናትና።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው። በአገራችን ግን የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዲጄውም ዛሬ ላፕቶፕና ሚክሰር ይዞ መጣ እንጂ፣ ቀድሞ ቴፕና ካሴት ተሸክሞ በየሠርጉ ይዞር የነበረው ወጣት የሥራ ወራሽ ነው። ልዩነቱ የጉልበቱ ነው። የቴፑ ድምፅ ከአጥር አያልፍም ነበር፤ የሞንታርቦው ግን ሰፈሩን ሁሉ ሳይጠራ ሠርገኛ ያደርገዋል።

ነገሩ በየከተማው ያለ ቢሆንም በመተማና በአካባቢው ቆላ ግን የተለየ መልክ አለው። ለምን ቢሉ፣ መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። በተለይ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ቤት ውስጥ መተኛት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ ለወባ ትንኝ አጎበር ዘርግቶ ያድራል። ደገኛ ጎረቤት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ድምፁን በግድግዳ ይከላከል ይሆናል። በቆላ ግን በሞንታርቦውና በተኛው ሕፃን መካከል ያለው ነገር አጎበር ብቻ ነው!

አየሩም ያግዛል። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ስለሚሞቅ ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል። ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ድምፁ ወደ ምድር ተመልሶ እየታጠፈ ሩቅ ይጓዛል። ዲጄው መሣሪያውን ሳይነካው፣ ቀን ጎረቤት ብቻ የሰማው ዘፈን ማታ ከሩቅ ሰፈር የሚሰማውም ስለዚህ ነው። አንዳንድ ባለሠርግ «ቀን ዝም ብለው ማታ ይጮሁብናል» እያለ ጎረቤቱን በምቀኝነት ሲያማ ይህን ማወቅ ይገባው ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና መጠን ያለፈ ጢስ፣ ክፉ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ ማድረስ እንደሌለበት ይደነግጋል። መለኪያው «መልካም ጉርብትና» መሆኑን ልብ ይበሉ። በኋላም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። በአገራችን በወጣው የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ቀን 55 ዴሲቤል፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ ሰፈር ደግሞ 65 እና 55። ማታ የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው ሲነጋገሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ በቁጥሩ ብቻ ከሄድን በመኖሪያ ሰፈር ማታ የሚደረግ ሠርግ ሁሉ፣ በከበሮና በእልልታ ብቻ የሚደረገው ጭምር፣ ከመጠን በላይ ሆኖ ሊገኝ ነው። ሠርግ ደግሞ ሊቀር አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩን የሚፈታው መለኪያ ብቻ ሳይሆን ያ የቀድሞው ቃል፣ መልካም ጉርብትና ነው።

ለነገሩ የሠርግ ድምፅ ገደብ በአገራችን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጎረቤት ልቅሶ ካለ ከበሮ አይመታም፤ ቢመታም ዝቅ ተደርጎ ነው። በጾም ሠርግ አይደገስም። ይህን ሕግ ያወጣ ምክር ቤት የለም፤ የሚያስከብረውም ይሉኝታ ነው። ከመንግሥት በኩልም የመጣ ገደብ ብዙ ነው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ በአንዳንድ ሆቴሎች እንግዳው ከነባንዱ በር ተዘግቶበት፣ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥል ነበር። በኮሮና ጊዜ ደግሞ በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ የዲጄዎች መሣሪያ ለወራት አቧራ ጠጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በሌሎች አራት ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጥሎ ነበር። ሰዓት እላፊ ባለበት ማታ መጨፈር አይታሰብም፤ ያለው ምርጫ ሠርጉን በቀን መጨረስ ነው።

ከድልድዩ ማዶ፣ ከጋላባት ወዲያ ያሉ ሱዳናውያንም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሙዚቃ ድግስ ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዳያልፍ ይከለክል ነበር። ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ግን የካርቱም ሰው ሳይዳርና ሳይዘፍን አልቀረም፤ ቀደም ብሎ ጀምሮ ቀደም ብሎ ጨረሰ እንጂ።

ስለ ድምፅ ካነሣን ስለ ተኩስም ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ለሙሽራ ክብር ጥይት መተኮስ በቆላው የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። የአካባቢው ሕዝብ ራሱም ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ የሰለቸው ነው። በሌሊት የተሰማ ጥይት ለሠርጉ ይሁን ለሌላ ማን ለይቶ ያውቃል? ልጆቿን አንሥታ አልጋ ሥር የምትገባ እናት «የደስታ ነው» ቢሏት ልቧ ቶሎ አይመለስም። የተተኮሰው ጥይትም የትም ይወድቃል። ሞንታርቦውን በሚመለከት መደራደር ይቻላል፤ በዚህ ግን ድርድር የለም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዲጄው እንመለስ። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ሠራተኛ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ እስኪደርስ የመኪና ኪራይ ይከፍላል፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተርና ነዳጅ ያስፈልገዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሙዚቃው በ3 ሰዓት ቢቆምና ባለሠርጉ «ግማሽ ሌሊት ነው ያጫወትከን» ብሎ ቀሪውን ገንዘብ ቢይዝበት ኪሣራው የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1793 ውል እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ሆኖም አስቀድሞ ሊታሰብ ይችል የነበረ ነገር ከአቅም በላይ አይባልም። በመኖሪያ ሰፈር ማታ ድምፅ እንደሚገደብ ደግሞ ዲጄውም እርስዎም አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቀብድ በሚከፈልበት ቀን ቤዙ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ሙዚቃው በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፣ ቢቋረጥ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። በዲጄው አጠገብ የሚቆምና እሱ ብቻ የሚያዘው አንድ ሰውም ይመደብ። አጎት፣ ሚዜና የሚዜ ጓደኛ በየተራ «ጨምር» የሚሉት ልጅ ድምፁን ቢቀንስ አንዱን፣ ቢጨምር ሌላውን ማስቀየሙ አይቀርም።

ድምፅን መቀነስ ማለትም ጭፈራን ማቀዝቀዝ ማለት አይደለም። ሙያውን የሚያውቅ ዲጄ ይህን በብዙ መንገድ ይወጣዋል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከሣጥኑ 5 ሜትር ርቆ 100 ዴሲቤል የነበረው በ10 ሜትር 94፣ በ20 ሜትር 88 እያለ ይወርዳል፤ በ160 ሜትር እንኳ ገና 70 ነው። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሣጥኖች በዳሱ ራስ አቁሞ ሰፈሩን ከማናወጥ፣ አራት ወይም ስድስት ትንንሾችን በጨፋሪው ዙሪያ አቅርቦ ዝቅ አድርጎ ማጫወት ይሻላል። የሚጨፍረው ሰው እኩል ይሰማል፤ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ግን ያንሳል። ሣጥኖቹ ከፍ ብለው ፊታቸውን ወደ ጨፋሪው ዝቅ ያድርጉ፤ ጀርባቸው ወደ ጎረቤት ይሁን። ቤዙን ከግድግዳ ማዕዘን ማስጠጋት ድምፁን ያወፍረዋል፤ ከዚያ ያርቁት። የቆርቆሮ አጥር ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ የድንኳን ሸራ ደግሞ ድምፅ አያቆምም።

ከሁሉ የበለጠ ጎረቤትን የሚያነቃው ያ «ዱም ዱም» የሚለው ቤዝ ነው። ቀጭኑ ድምፅ በመንገድ ላይ ይደክማል፤ ወፍራሙ ግን ግድግዳውንም አልፎ በደረት ይገባል። ሰዓቱ ሲደርስ ቤዙን ብቻ ማጥፋት ግማሹን ጠብ ያበርዳል። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት በግማሽ መቀነስ የሚያወርደው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እምብዛም አይለየውም። ድምፁ ግማሽ ያህል ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ አንድ አሥረኛ ማውረድ ያስፈልጋል። ዲጄው «ቀንሻለሁ» ሲልዎ በዳሱ ውስጥ ሆነው አይፍረዱ። ወጥተው ከጎረቤትዎ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ።

በአውሮፓ አንዳንድ የሠርግ አዳራሾች ይህን ክርክር ለመሣሪያ ትተውታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ገዳቢ ልኩ ሲያልፍ መጀመሪያ መብራት ያበራል፤ ካልሰሙት ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ሙዚቃውን ጸጥ ያደርገዋል። ሌሎች ደግሞ ጨፋሪው ሁሉ በጆሮው ማዳመጫ ደፍቶ በዝምታ የሚጨፍርበትን ድግስ አምጥተዋል። ለእስክስታ ይሆናል ብዬ አላምንም፤ ትከሻው ሲወርድ ማዳመጫው መሬት ነው። እልልታውንስ ማን ይቀበለዋል?

ለእኛ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው። ዲጄው ከምሳ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንደ ልቡ ያጫውት፤ የአማርኛውንም የሱዳኑንም ያምጣ። ከዚያ ሞንታርቦው ይዘጋና ቦታው ለከበሮና ለሴቶች ዘፈን፣ ካለም ለማሲንቆ ይለቀቅ። ማሲንቆ ኤሌክትሪክ አይሻም፤ ድምፁም ከጨዋታው ክብ ብዙ አይርቅም። ጉልበተኛው ሣጥን ከመጣ ወዲህ አቀንቃኝ የነበሩ ሴቶች ዳር ላይ ተቀምጠው የሰው ካሴት አድማጭ ሆነዋል። እነሱን መልሶ ወደ መሐል ማምጣት ለሰዓቱ ገደብ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። እናት ለልጇ የምታወጣው ግጥም በሞንታርቦ ጩኸት መካከል አይሰማምና።

ዋዜማውን ደግሞ ከአጥርዎ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች ይዞሩ። ማን አራስ አለች? ማን ታሟል? ማን ሌሊት ተረኛ ነው? የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይሁን ጎሕ ሳይቀድ ወደ እርሻ የሚሄድ የቀን ሙያተኛ፣ ሰዓቱን አስቀድሞ ከነገሩት ይታገሣል። ቀበሌውም እንዲሁ በወቅቱ ይወቀው። ያልተነገረው ጎረቤት የሚቀየመው በጩኸቱ ብቻ ሳይሆን በመናቁም ነው።

በመጨረሻም ስለ ጆሮ። የሥራ ጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል ድምፅ ሰው ያለ ጉዳት ሊቋቋመው የሚችለው ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ሞንታርቦው ሥር ተኮልኩለው የሚጨፍሩት ሕፃናት ከዚያ በላይ እንደሚቆዩ ያውቃሉ። ዲጄውማ በየሳምንቱ እዚያው ነው። ሠርጉ አልፎ ጆሮው ሲጮህበት የሚያድር ከሆነ ይህ ከጉዳት ምልክቶች አንዱ ነው፤ የተጎዳ የጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ልጅዎ በዚህ ሥራ ላይ ካለ የጆሮ መድፈኛ ይግዙለት። ሕፃናቱንም ከሣጥኑ ወዲያ በዳሱ ሌላ ጫፍ ያስቀምጧቸው። መተማ የጥጥ አገር ናት፤ ነገር ግን ጥጥ በጆሮ መወተፍ ይህን ያህል ድምፅ አያቆምም።