የማሽላን ሥር ፈሳሽ ለማስ ስፔክትሮሜትሪ ማዘጋጀት

በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኘው ሚኤሶ ለቆላ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎች ከሚፈተኑባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በአገሪቱ ደረቅ የማሽላ አካባቢዎች ከዝናብ እጥረት ጋር ተደርቦ ገበሬውን የሚፈታተነው አቀንጭራ ነው። የዚህ ጥገኛ አረም ደቃቅ ዘር በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚበቅለውም ከማሽላው ሥር የሚመነጩ ስትራይጎላክቶኖች ሲደርሱት ነው። እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረ መል ሥራውን ሲያጣ የማሽላው ዋነኛ ስትራይጎላክቶን ከ5-ዲኦክሲስትራይጎል ወደ ኦሮባንኮል እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ኦሮባንኮል የአቀንጭራን ዘር የመቀስቀስ ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህ አንድ ዝርያ የትኛውን እንደሚያመነጭ ማወቅ ለዝርያ መረጣ ይጠቅማል።

አስቸጋሪው ሥራ ናሙናው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ያለው ነው። ስትራይጎላክቶኖች በሥር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙት እጅግ በአነስተኛ መጠን ነው። የሞለኪዩሉን ሁለት ክፍሎች የሚያያይዘው የኢኖል ኢተር ድልድይ በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ሥሩ ከተፈጨ ደግሞ ከሕዋሳቱ የሚወጡ ሌሎች ውህዶች ልኬቱን ያውካሉ።

በዚህ ምክንያት ችግኙ ፎስፈረስ በተቀነሰበት አሸዋ ወይም ውሃ ውስጥ ይበቅላል፤ የፎስፈረስ እጥረት የስትራይጎላክቶንን ምንጭ ይጨምራልና። ሥሩ ሳይቆረጥ የተሰበሰበው ፈሳሽ አልካላይን እንዳይሆን ተጠብቆ፣ ሲ18 በተሞላ ካርትሪጅ ውስጥ በዝግታ ያልፋል። ጨውና ስኳር ከውሃው ጋር ሲወርዱ ስትራይጎላክቶኖቹ ተይዘው ይቀራሉ። ቀጥሎ በአሴቶን ታጥበው ይወጣሉ፤ አሴቶኑም ያለ ከፍተኛ ሙቀት በናይትሮጅን ጋዝ እንዲተን ይደረጋል።

ከዚህ በኋላም የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ አስፈላጊ ነው። 5-ዲኦክሲስትራይጎል 330 ዳልተን ገደማ ስለሚመዝን 346 ከሚመዝነው ኦሮባንኮል በቀላሉ ይለያል። ይሁን እንጂ ስትራይጎልና በማሽላ የሚገኘው ሶርጎሞል ከኦሮባንኮል ጋር አንድ ዓይነት ሞለኪዩላዊ ቀመር አላቸው። እነዚህን ክብደት ብቻውን አይለያቸውም፤ ከኮለኑ የሚወጡበት ጊዜ ከንጹሕ ማመሳከሪያ ጋር መነጻጸር አለበት።

በዝግጅት ወቅት የሚደርስ ብክነት ውጤቱን በአደገኛ አቅጣጫ ያዛባል፤ ምልክቱ የጠፋበት ተጋላጭ ዝርያ ተቋቋሚ መስሎ ይታያልና። ለዚህም ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው እንደ ጂአር24 ያለ ሰው ሠራሽ ስትራይጎላክቶን በታወቀ መጠን ከመነሻው ጨምሮ በመጨረሻ ምን ያህሉ እንደተረፈ መለካት ነው። ሁለተኛው ያልተጣራውን ፈሳሽ በአቀንጭራ ዘር ላይ መሞከር ነው። መሣሪያው ባዶ ያለው ፈሳሽ ዘሩን ካበቀለ፣ ዝርያው ተቋቋሚ ነው ከመባሉ በፊት የናሙናው ዝግጅት እንደገና ሊፈተሽ ይገባል።