ማዳበሪያ የበዛበት ፖም

የሚኒሶታ ፖም ታሪክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ የዝርያ ነው። ፒተር ጊዲዮን ሚኒቶንካ ሐይቅ አጠገብ የተከላቸውን ችግኞች ብርዱ ሲጨርስበት ኖሮ፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዲት ተረፈችለትና በሚስቱ ስም ዌልዚ አላት። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1908 የማዳቀያ ጣቢያ ከፈተ፤ በ1922 ሃራልሰንን፣ በ1991 ሃኒክሪስፕን ለገበሬ አወጣ። በታሪኩ ውስጥ ስለ አፈሩ የሚያነሳ ጥቂት ነው። አገሬው ለዓመታት ሲከራከር የኖረው ግን በአፈርና በማዳበሪያ ጉዳይ ነው።

ዛፍ ብርድን የሚችለው እድገቱን በጊዜ አቁሞ እንጨቱን ሲያጠነክር ነው። ሐምሌ ላይ ናይትሮጅን የጠገበ ዛፍ ማቆሙን ይረሳል፤ ኅዳር ሲገባ ቀንበጡ ገና ለጋ ነው፣ ውርጩ ያቃጥለዋል። ለጋነቱ ለባክቴሪያ በሽታም ያመቻል፤ የፖም አምራቾች አጥብቀው የሚፈሩት፣ ቅርንጫፉን በእሳት እንደተለበለበ የሚያጠቁረው በሽታ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቀንበጥ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ካስፈለገ የሚሰጠው በጸደይ መጀመሪያ ነው። ያኔም ቢሆን አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ብስባሹን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት አልነቁም፤ ዛፉ የመጀመሪያ ቅጠሉን የሚያወጣው አምና በሥሩና በግንዱ ካከማቸው ነው።

መስጠት ያስፈልግ እንደሆነ ዛፉ ላይ ማንበብ ይቻላል። ከቀንበጡ ጫፍ ተነስቶ ወደ ግንዱ በጣት ሲወረድ፣ ልጡ ላይ ቀለበት የመሰለ የተሸበሸበ ጠባሳ ይገኛል። አምና የጫፉ እንቡጥ የነበረው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የዘንድሮ እድገት ነው። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ካደገ ምንም አልጎደለውም። በጣም ካጠረ ደግሞ ወደ ሱቅ ከመሮጥ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስዶ፣ በባልዲ ደባልቆ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል።

ሃኒክሪስፕ በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ናት። ካልሲየምን ወደ ፍሬዋ ማድረስ አይሆንላትም፤ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ሲበዛባት ይብስባታል። ገላዋ ላይ ቡናማ ጎድጓዳ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይመራል፤ ብዙ ጊዜም የሚታየው ከተለቀመች በኋላ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። አምራቾች በጋውን ሙሉ ካልሲየም ሲረጩ የሚከርሙት ለዚህ ነው።

መንግሥት ወደ ጉዳዩ የገባው በውሃው በኩል ነው። ሐይቆች በአልጌ ሲወረሩ በ2002 ለሣር በሚደረግ ፎስፈረስ ላይ ሕግ ወጣ፤ ከ2005 ጀምሮ ግዛቱን በሙሉ አዳረሰ። በ2019 የወጣው ደንብ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃቸው በቀላሉ በሚበከል አካባቢዎች ከመከር በኋላና በበረዶ በደረቀ መሬት ላይ ናይትሮጅን መጨመርን ከለከለ። ይህም አልበቃም፤ በ2023 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በደቡብ ምሥራቅ ባሉ ስምንት አውራጃዎች የጉድጓድ ውሃ ናይትሬት ጉዳይ ግዛቱ አንድ ነገር እንዲያደርግ ጠየቀ። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ናይትሬት፣ በናይትሮጅኑ ሲለካ፣ በሊትር እስከ 10 ሚሊግራም ነው። በፖሟ የታወቀችው ላ ክሬሰንት ያለችው ከስምንቱ በአንዱ፣ በሂዩስተን አውራጃ ነው። መሬቱ የተሰነጣጠቀ ኖራ ድንጋይ በመሆኑ ላዩ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ፖሙን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዋናው ምንጭ የበቆሎ ማሳና የከብት ፍግ ነው።

የጓሮው ዛፍ ግን ለባለቤቱ ኅሊና የተተወ ነው። በሚኒሶታ ጓሮ ያላቸው የአገራችን ልጆች አመድ መነስነስን ከቤት የለመዱት ነው። ኮምጣጣ አፈር ባለበት ደጋ፣ ፖም በሚበቅልበት ጨንቻ ጭምር፣ አመድ ይጠቅማል። በምዕራብ ሚኒሶታ ሜዳ ግን አፈሩ ቀድሞውንም ኖራ የበዛበት ነው፤ አመድ ሲጨመርበት ብረቱን ጭራሽ ይቆልፈዋል። የዛፉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ባለቤቱም ቢጫውን አይቶ ሌላ ከረጢት ናይትሮጅን ሊገዛ ይወጣል።